ቢል ምንድን ነው? ገና ሕግ ስላልሆነው ሕግ

እዚህ አሜሪካ ለምንኖር አበሾች "ቢል" ማለት ፖስታ ሳጥን ውስጥ የሚመጣ ነገር ነው። የመብራት ቢል፣ የስልክ ቢል፣ የሆስፒታል ቢል። ይመጣል፣ ይከፈላል፣ ያልቃል። ታዲያ አንድ ሰው "ሜሪላንድ ላይ አዲስ ቢል አለ" ሲለን፣ ገሚሳችን የሚከፈል ነገር የመጣ ይመስለናል። ገሚሳችን ደግሞ ሕግ የወጣ ይመስለናል። ሁለቱም አይደለም።

ቢል ረቂቅ ሕግ ነው። ሕግ እንዲሆን የቀረበ ሐሳብ። ተጽፏል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ግን ገና ማንንም አያስገድድም። የዛሬው ጉዳዬ ይህች "ገና" የምትለዋ ቃል ናት። እሷን መዝለል ሰው ዋጋ ሲያስከፍል አይቻለሁና።

በ2024 ማርች ላይ (ዓመታቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) አንድ የድምፅ መልእክት በዋትሳፕ ከቡድን ቡድን ዞረ። "እንኳን ደስ አላችሁ! ከእንግዲህ ሜሪላንድ ውስጥ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ተከራይ ማስወጣት አይችልም። ቢሉ አልፏል!" ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ አንዲት የማውቃት እህት ይህን ሰምታ እፎይ አለች። የቤት ውሏ ሰመር ላይ ያልቅ ነበር። አከራዩ ፊት እየነሳት ስለነበር ሌላ ቤት መፈለግ ጀምራለች። መልእክቱን ስትሰማ ፍለጋውን ተወችው። ብዙም ሳይቆይ ውሉ እንደማይታደስ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ስልኳን ይዛ ወደ አከራዩ ቢሮ ሄደች። "ሕግ አለ እኮ" አለቻቸው። እንዲህ የሚባል ሕግ የለም አሏት። እውነታቸውን ነበር።

ቢሉ ያለፈው በታችኛው ምክር ቤት ብቻ ነው። ሴኔት ደረሰና እዚያው ቀረ። ሌላም ነገር አለ። ሁሉንም ደረጃ ቢያልፍ እንኳ ራሱ ማንንም ከመውጣት አያድንም ነበር። ሥራው ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት እንዲችሉ ፈቃድ መስጠት ነው። ከዚያ ካውንቲው ደግሞ የራሱን ሕግ ማውጣት ነበረበት። "አልፏል" በምትለው አንዲት ቃል ስንት በር እንደተዘለለ አያችሁ? መልእክቱን የላከው ሰው ክፉ አልነበረም። ደስ ብሎት ነው የላከው። ለእሷ ግን የሁለት ወር የቤት ፍለጋ ጊዜ አስከፈላት።

ለምን እንዲህ እንደምንሰማ የራሴ ግምት አለኝ። አገር ቤት ረቂቅ አዋጅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። ለተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፣ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ከዚያ "በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" የሚል ዜና እንሰማለን። ረቂቅ ቀረበ ከተባለ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልቋል። ጆሯችን የለመደው ይህን ነው። የአሜሪካ ስቴቶች አሠራር ግን ሌላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ 141 ዴሌጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) እና 47 ሴናተሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ቢል ማቅረብ ይችላሉ። በአንድ ዓመት ከ2,000 በላይ ቢል ይቀርባል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሕግ ሳይሆን ይቀራል። እዚህ "ቀረበ" ማለት አንድ ሰው ሐሳቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ ማለት ብቻ ነው።

ጊዜው አጭር ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በስቴቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የሚሰበሰበው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው። ለእኛ ገና በዋለ በሳምንቱ ውስጥ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ 90 ቀን ይሠራል። ብዙ ጊዜ እኛ ሁዳዴ ላይ ሳለን፣ ኤፕሪል መጀመሪያ አካባቢ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። እስከዚያች ሰዓት ያላለፈ ቢል ሞተ። ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም። የሚፈልገው ሰው ካለ እንደ አዲስ፣ በአዲስ ቁጥር ማቅረብ አለበት።

በእነዚህ 90 ቀናት ቢሉ መጀመሪያ ኮሚቴ ይገባል። ቢል የሚሞተው በብዛት እዚህ ነው፣ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት። ከተረፈ ሙሉው ምክር ቤት ድምፅ ይሰጥበታል። 141 አባላት ባሉት ቤት 71 ድምፅ፣ በሴኔቱ 24 ድምፅ ያስፈልገዋል። አንዱ ቤት ካሳለፈው ወደ ሌላው ቤት ይሄድና ኮሚቴውንም ድምፁንም ከዜሮ ይጀምራል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቃል ካጸደቁት ወደ ገቨርነሩ ያመራል። ገቨርነሩ ይፈርማል፣ ወይም ሳይፈርም ሕግ እንዲሆን ይተወዋል፣ ወይም ይጥለዋል። የጣለውንም ቢሆን ሁለቱ ቤቶች በሦስት አምስተኛ ድምፅ መልሰው ሊያጸኑት ይችላሉ። ስለዚህ "አለፈ" የሚል ወሬ ስትሰሙ ጥያቄው አንድ ነው። የቱን አለፈ?

በዚህ ጉዞ ላይ ቢሉ መልኩን ይቀይራል። በ2025 ሜሪላንድ ከባድ የበጀት ጉድለት ነበረባት። ድርጅቶች እርስ በርስ በሚሸጧቸው አንዳንድ አገልግሎቶች ላይ፣ ለምሳሌ በሂሳብ ሥራ ላይ፣ 2.5 በመቶ የሽያጭ ታክስ የሚጥል ቢል ቀረበ። ሬስቶራንት ያላቸው፣ የታክስ ቢሮ የከፈቱ ወገኖቻችን ተደናገጡ። መደንገጣቸው ልክ ነበር። ብዙ ነጋዴ ተቃውሞ ያ ቢል ወደቀ። ሐሳቡ ግን ጨርሶ አልሞተም። ጠበብ ብሎ፣ በዳታና በአይቲ አገልግሎቶች ላይ 3 በመቶ ታክስ ሆኖ በበጀቱ ሕግ በኩል አለፈና ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ቢል ይሞታል፣ ሐሳቡ ሌላ ቢል ውስጥ ገብቶ ይተርፋል። እኔ ራሴ ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልውሰዳችሁ። ቢሉን ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በቁጥሩ ፈልጋችሁ ስትከፍቱት መጀመሪያ ያስፈራል። የመስመር ቁጥር አለው፣ የአንቀጽ ቁጥር አለው፣ ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም። ግን አንድ ምስጢር አለው፤ ያንን ካወቃችሁ ከጠበቃ እኩል ባይሆንም የሚበቃችሁን ያህል ታነባላችሁ። የሜሪላንድ ቢል ውስጥ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈው አሁን ባለው ሕግ ላይ የሚጨመረው ነው። በቅንፍ የታጠረው ከሕጉ የሚወጣው ነው። በተራ ፊደል ያለው ድሮም የነበረ፣ የማይነካ ነው። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ዓይናችን ይህን ልዩነት አይቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ገጹን ከላይ እስከ ታች አታንብቡት። ሌላውን እየዘለላችሁ ትልልቅ ፊደሎቹንና ቅንፎቹን ብቻ እዩ።

በ2024 የወጣውን የተከራዮች ሕግ ውሰዱ። ቢል በነበረበት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሁለት ወር የሚለው በቅንፍ ታጥሯል፣ አጠገቡ የአንድ ወር የሚለው በትልልቅ ፊደል ገብቷል። ለውጡ ይህችው ናት፤ ሁለት ሦስት ቃል። ኪስ ላይ ስትደርስ ግን ይህን ታክላለች። ወርሃዊ ኪራዩ 2,000 ዶላር የሆነ አፓርታማ ልትከራዩ ሄዳችሁ እንበል። ድሮ አከራዩ እስከ 4,000 ዶላር ዲፖዚት መጠየቅ ይችል ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለሚፈረም ውል፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከ2,000 በላይ መጠየቅ አይችልም። አዲስ ለመጣ ቤተሰብ ያቺ ልዩነት አልጋና ፍራሽ ናት፣ የልጆች የክረምት ልብስ ናት። በዚያው ሕግ ውስጥ አከራይ ተከራይን ለማስወጣት ፍርድ ቤት ሲከስ የሚከፍለው ተጨማሪ ክፍያ ከ8 ዶላር ወደ 43 ዶላር ከፍ ብሏል። በትንሽ በትልቁ ፍርድ ቤት መሮጥ እንዲከብድ ታስቦ ነው።

ከቢሉ ጋር ሁልጊዜ ሌላ ወረቀት አብሮ አለ። የምክር ቤቱ ባለሙያዎች፣ ለአንዱም ፓርቲ ሳይወግኑ፣ ቢሉ ምን እንደሚያደርግና ስንት እንደሚያስወጣ የሚጽፉበት ማብራሪያ ነው። እንግሊዝኛው ከቢሉ በጣም ይቀላል። እኔ ከቢሉ በፊት የማነበው እሱን ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በአነስተኛ ንግድ ላይ ስለሚኖረው ተጽዕኖ የምትናገር አጭር መስመር አለች። የለም፣ ጥቂት ነው፣ ወይም ክብደት ያለው ነው ትላለች። እንጀራ ጋግራችሁ የምታከፋፍሉ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ የሽማግሌ መንከባከቢያ የከፈታችሁ፣ ሌላው ቢቀር እሷን መስመር እዩ።

ከዚያ የቢሉን የመጨረሻ ገጽ። ሕጉ መቼ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጁላይ 1 ወይም ኦክቶበር 1 ይላል። ይህቺን ቀን አትናቋት። ሜሪላንድ ለሠራተኛ እስከ 12 ሳምንት ከክፍያ ጋር የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው በ2022 ነው፣ ያውም ገቨርነር ሆገን ጥለውት ምክር ቤቱ መልሶ አጽንቶት። ሕጉ ወጣ ተብሎ የወሊድ ፈቃዷን በእሱ ያሰላች ሴት አውቃለሁ። ከዚያ መጀመሪያው ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። በ2025 በወጣው ማሻሻያ መሠረት መዋጮው ጃንዋሪ 2027፣ ክፍያው ደግሞ ጃንዋሪ 2028 ነው የሚጀምሩት። ልጇ ያኔ ትምህርት ቤት ይደርሳል።

ሁሉ ነገር ደግሞ የስቴት አይደለም። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ነው፤ አናፖሊስ ግሪን ካርድ አይሰጥም፣ አይነሳም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለው የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ደግሞ የካውንቲው ነው። የመንጃ ፈቃድ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የአከራይና ተከራይ ጉዳይ፣ የመኪና መመዝገቢያ፣ እነዚህ ስቴቱ እጅ ናቸው። የሰዓት ደመወዝ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ 15 ዶላር የሆነው አናፖሊስ ላይ በ2023 በተሰጠ ድምፅ ነው። በ2019 የወጣው ሕግ ብቻውን ቢቀር ኖሮ ሠራተኛው ከዚያ በላይ ይጠብቅ ነበር። ሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በ2023 በወጣ ሕግ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ማውጣት ሲችል አይተዋል። በየቀኑ የምንነካው ነገር የሚወሰነው ከኋይት ሐውስ ይልቅ በስቴት ምክር ቤት ነው። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የምንከራከረው ስለ ኋይት ሐውስ ነው።

ከሁሉ በላይ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ቢል ገና ሕግ ስላልሆነ ልትናገሩበት ትችላላችሁ። ኮሚቴው ለቢሉ ቀን ቆርጦ ሰው ይሰማል። አስቀድማችሁ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት ከፍታችሁ ትመዘገባላችሁ። ስትመዘገቡ አቋማችሁን ትመርጣላችሁ፤ ለምሳሌ እደግፋለሁ፣ እቃወማለሁ፣ ወይም ማሻሻያ ከገባበት እደግፋለሁ። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው አያውቃትም፤ ለእኔ ግን በጣም የምትጠቅመው እሷ ናት። የምትሰጣችሁ ጊዜ ብዙ ጊዜ 2 ደቂቃ ናት። መናገር ካልፈለጋችሁ ጽፋችሁ መላክ ትችላላችሁ። ዜጋ መሆን አያስፈልግም። መምረጥ የማይችል ሰውም ይሰማል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ የተናገራችሁት በቪዲዮ፣ የጻፋችሁትም በድረ ገጹ ላይ ስማችሁን ይዞ ለሕዝብ ይቀመጣል። የመኖሪያ ወረቀቱ ጉዳይ ያላለቀለት ሰው ይህን አስቦ ይወስን።

የሚናገሩት ሰዎች ጠበቃዎች ብቻ አይደሉም። ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ ቤት አከራዮች፣ ጡረተኞች አሉ። አከራዮች በማኅበራቸው በኩል ተደራጅተው ይመጣሉ፤ መብታቸው ነው። እኛ የምንሰማው ሕጉ ከወጣ በኋላ ሬስቶራንት ውስጥ ስንማረር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይህንን ነው። ዕድሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል በሳምንት አንዴ እንኳ "ዛሬ እንዲህ ያለ ቢል ይሰማል" ብለው ቢያስነግሩ ምን ያህል ሰው ይጠቀም ነበር!

ያቺ እህት በመጨረሻ ቤት አገኘች፣ ራቅ ያለ ቦታ። የማስወጣቱ ቢል በ2025 ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ የድምፅ መልእክት አልጠበቀችም። ቁጥሩን ፈልጋ አገኘችው፣ አድራሻዋን ድረ ገጹ ላይ አስገብታ የወረዳዋን አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌቶች ስም አወጣች። አንድ ቅዳሜ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ትልቁ ልጇ እንግሊዝኛውን እያቃናላት፣ ደብዳቤው እንዴት እንደመጣባትና ልጆቿ ትምህርት ቤት እንዴት እንደቀየሩ አንድ ገጽ ጻፈች። ቢሉ በዚያም ዓመት አላለፈም። ሳገኛት "ስንት ቀን ቀረ?" አለችኝ። ጃንዋሪን ማለቷ ነበር።