የእሳት አደጋ ጣቢያ አስተማማኝነት ምንድን ነው?

«የከተማው አማካይ የምላሽ ጊዜ 6 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ የትም ብትኖር በ6 ደቂቃ ይደርሱልሃል።» አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን እንዲህ ብሎ ሲከራከር አየሁ። ይኼ ስህተት አሁንስ በዛ። አማካይ ስለ አንድ ቤት ምንም አይናገርም።

ለምሳሌ አስር ጥሪ እንውሰድ። ለስምንቱ መኪናው በ4 ደቂቃ ደረሰ፤ ለሁለቱ በ14። አማካዩ ልክ 6 ነው። ግን 6 ደቂቃ የጠበቀ አንድም ሰው የለም! 14 የጠበቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ከጣቢያው የራቁት።

አስተማማኝነት የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ከመቶ ጥሪ ስንቱ ጋ በተባለው ደቂቃ ውስጥ ተደረሰ? የለንደን እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ግብ ይዟል። የመጀመሪያው መኪና በአማካይ በ6 ደቂቃ፣ ከመቶ 90 ጊዜ ደግሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት። የእኛ አስር ጥሪዎች የመጀመሪያውን ያልፋሉ፤ ሁለተኛውን ይወድቃሉ።

ጠዋት 2 ሰዓት የሥራ ፈተና ያለበት ሰው «ታክሲ በአማካይ በ10 ደቂቃ ይገኛል» ብሎ ልክ 10 ደቂቃ አስቦ ከቤቱ አይወጣም። ሰልፉ የሚረዝምበትን ቀን ያስባል። ተራ ላይ የነበረችው ታክሲ ሞልታ ከሄደች ደግሞ ቤቱ ለፌርማታው መቅረቡ አይጠቅመውም። ጣቢያም እንዲሁ ነው። መኪናው ሌላ ጥሪ ላይ ከሆነ የሚመጣው የጎረቤት ጣቢያ ነው። ካርታ ላይ ክብ ሥሎ «ይህ ሰፈር ተሸፍኗል» ማለት ይኼንን ይደብቃል። እኔን በጣም የሚያናድደኝ እሱ ክብ ነው።

ሰዓቱ ከየት እንደሚጀምርም መታወቅ አለበት። ለንደን የምትቆጥረው ጣቢያው ከታዘዘ በኋላ ነው፤ የስልኩ ጊዜ አይገባም። 1710 የሚባለው የአሜሪካ መስፈርት ደግሞ ጊዜውን ይከፋፍለዋል፦ ለእሳት ጥሪ ተዘጋጅቶ ለመነሳት 80 ሰከንድ፣ ለመጀመሪያው መኪና ጉዞ 240 ሰከንድ፤ ሁለቱም ከመቶ 90 ጊዜ። ይኼን ሳያዩ ሁለት ከተማ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ሰዓቱ የሚቆመው ደግሞ መኪናው ቦታው ላይ ሲደርስ ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ትልቅ ፈተና ነበር። መኪናው ከቆመ በኋላ ቱቦ ተዘርግቶ ውሃው እሳቱ ጋ እስኪደርስ ያለው ጊዜ በምላሽ ጊዜ ውስጥ አይታይም። ፎቅ ላይም ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓመት 20 ጥሪ ብቻ ያለው ትንሽ ጣቢያ አንዴ ቢዘገይ ውጤቱ በ5 ነጥብ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ጣቢያ በአንድ ዓመት ቁጥር «ሰነፍ» ማለት ግፍ ነው፤ የበርካታ ዓመታት ጥሪ ተደምሮ ይታይ።