በቀል በካውቦይ ፊልም

ካውቦይ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ይህችን ታሪክ በደንብ ያውቃታል። ቤት ይቃጠላል። ቤተሰብ ያልቃል። አንድ ሰው ይተርፋል። የተረፈው ፈረሱን ጭኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ነው። መጨረሻ ላይ አቧራማ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አክተሩ እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ዓይናችንን ከስክሪኑ አንነቅልም።

ካውቦይ ፊልም የምንለው ዌስተርን በአብዛኛው የሚያወራው ስለ አሜሪካ ምዕራብ ነው። ዘመኑም የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃበት ከ1865 እስከ 1890ዎቹ ያለው ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ፊልሞቹ ስለ ባቡር ሐዲድ፣ ስለ ከብት ነጂዎች፣ ስለ ወርቅ ፍለጋም ያወራሉ። ግን እንደ በቀል ደጋግመው የተመለሱበት ነገር ጥቂት ነው። ለምን?

አንዱ ምክንያት ሳንሱር ይመስለኛል። ሆሊዉድ ለብዙ ዓመታት ሄይስ ኮድ በሚባል ደንብ ሲመራ ነበር። ደንቡ በ1930 ወጣ፤ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ተሠራበት፤ በ1968 ቀረ። ስለ ግድያ በሚያወራው ክፍል አንዲት አጭር አንቀጽ አለች። በዘመናዊ ጊዜ የሚፈጸም በቀል ተገቢ ተደርጎ እንዳይቀርብ ትከለክላለች። “በዘመናዊ ጊዜ” የምትለዋን ልብ በሉልኝ። የደንቡ ማብራሪያ ደግሞ ወንጀሉን የሚዳኝ ሕግ በሌለበት ቦታ ሲሆን ነገሩ ሊታይ ይችላል ይላል። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ ማለት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሶ የወንድሙን ደም የሚመልስ ሰው ማሳየት ጣጣ አለው። ያንኑ ሰው ባርኔጣ አድርገህለት የ1870ዎቹ አሪዞና ውስጥ ፈረስ ላይ ብታወጣው ግን ያልፍልሃል።

ሕግ የለም ሲባልም ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ሸሪፍ አለ፤ ግን ሩቅ ነው፣ ወይ ፈሪ ነው፣ ወይ ከገዳዮቹ ጋር ይበላል። የእኛ አገር ሰው እነዚህን ፊልሞች ሲያይ አንድ ነገር ይጎድልበታል፦ ሽማግሌ። ዛፍ ስር ተቀምጦ ካሳ የሚቆርጥ፣ ደመኞችን የሚያስታርቅ ሰው የለም። ካሳ የሚባለው ነገር ብቅ የሚልበት አንድ ትልቅ ፊልም አለ፤ እሱም ላይ ካሳው ነገር ሲያበላሽ ነው የምናየው። እመለስበታለሁ።

ነገሩ ከደራሲ ጭንቅላት ብቻ የወጣ እንዳይመስላችሁ። በ1881 ኦክቶበር ወር አሪዞና ውስጥ ቱምስቶን በምትባል ከተማ በኧርፕ ወንድማማቾችና በጠላቶቻቸው መካከል ኦኬ ኮራል የሚባለው ተኩስ ተካሄደ። ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አልዘለቀም። ከወራት በኋላ የዋይት ኧርፕ ወንድም ሞርጋን ቢሊያርድ እየተጫወተ ሳለ ከጀርባው ተተኩሶበት ሞተ። ዋይት የፌዴራል ሕግ አስከባሪ ነበር። በወንድሙ ግድያ የጠረጠራቸውን ሰዎች ያሳድድ የነበረው የመያዣ ወረቀት ይዞ ነው። ሥራው ግን ደም መመለስ ነበር፤ ያገኛቸውን ገደለ። ሆሊዉድ ይህን ታሪክ ስንቴ እንደሠራው ተዉት።

ከአሜሪካኖቹ ሥራዎች ብዙ የተባለለት የጆን ፎርድ “ዘ ሰርቸርስ” ነው፤ 1956። ጆን ዌይን ኢታን የሚባል ከጦርነት የተመለሰ ሰው ሆኖ ይጫወታል። ኮማንቼ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ወንድሙን ከነሚስቱ ገድለው ትንሿን ልጅ ዴቢን ይዘው ይሄዳሉ። ቀብሩ ላይ ጸሎቱ ይረዝምበታል። ቶሎ አሜን በሉና ይብቃ ብሎ አቋርጦ ይወጣል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል የአገራችን ሰው። በመንገድ ላይ የሞተ ኮማንቼ ሬሳ ያገኛል። ሁለቱንም ዓይኑን በጥይት ያጠፋዋል፤ በእምነታቸው ዓይን የሌለው ነፍሱ ስትንከራተት ትኖራለች ብሎ። ይህ ሰው ሐዘንተኛ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛ ነው። ፍለጋው ዓመታት ሲፈጅ ልጅቱን ማዳን ይቀርና ሊገድላት ይነሳል፤ ከእነሱ ጋር ኖራለችና። ደግሞ ስካር የሚባለው የኮማንቼ አለቃም ልጆቹን ነጮች ገድለውበታል። እሱም ደም መላሽ ነው። ለዚያ ዘመን ይህን ማስገባት ቀላል ነገር አልነበረም፤ አብዛኞቹ ዌስተርኖች የአገሬውን ተወላጅ ከቀስትና ከጩኸት አያሳልፉትም ነበር። በመጨረሻ ስካርን የሚገድለው ኢታን አይደለም፤ አብሮት የቆየው ወጣት ነው። ኢታን ሬሳው ላይ ነው የሚደርሰው። ዴቢን ግን ሲይዛት አይገድላትም፤ አቅፎ ያነሳታል። ቤተሰቡ ቤት ሲገባ እሱ ደጅ ይቀራል፤ በሩም ይዘጋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው “ዘ ብራቫዶስ” ያን ያህል ስም የለውም። እኔ ግን ጨካኝ ፊልም ሆኖ ነው ያገኘሁት። ግሪጎሪ ፔክ ሚስቴን ገደሉብኝ ያላቸውን አራት ሽፍቶች ያሳድዳል። ፎቶዋን ያሳያቸዋል። አላየናትም ይላሉ። ሦስቱን ይገድላል። አራተኛው ጋ ሲደርስ እውነቱ ይወጣል፦ እነሱ አልገደሏትም፤ ገዳዩ የገዛ ጎረቤቱ ነበር። ወደ ከተማ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ይቀበለዋል። እሱ የሚፈልገው ጸሎታቸውን ነው።

ከዚያ ጣሊያኖች መጡ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ስፔን ውስጥ አልሜሪያ አካባቢ ባለው በረሃ ካውቦይ ፊልም በገፍ ይቀረጽ ጀመር። እነሱ ስለ ሕግና ስለ ሥልጣኔ ብዙ አይጨነቁም። ገንዘብና ቂም ይበቃቸዋል። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1965ቱ “ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር” ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ክሊንት ኢስትዉድ ሬሳ ቆጥሮ ብር ይደምራል። ሊ ቫን ክሊፍ ግን የመጣው ለእህቱ ነው፤ ሲያልቅ የድርሻውን ገንዘብ ትቶ ይሄዳል።

የሊዮኔ ትልቁ ሥራ “ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት” ነው፤ 1968። ቻርልስ ብሮንሰን ስም የለውም። አፉ ላይ ሃርሞኒካ አለች፤ ከንግግር ይልቅ እሷን ይነፋል። ጠላቱ ፍራንክ ነው። ፍራንክን የሚጫወተው ሄንሪ ፎንዳ ነው፤ ተመልካች ለዘመናት በደግ ሰውነት ያወቀው። እዚህ ሕፃን ይገድላል። ፍራንክ ሰውየውን ማን ነህ እያለ ይጠይቀዋል። መልሱ ሁልጊዜ የሰው ስም ነው፤ ሁሉም ፍራንክ የገደላቸው ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ይኸው ነው፤ ፍራንክ የምር አያስታውስም።

ምላሹ የሚመጣው መጨረሻው ተኩስ ላይ ነው። የሞሪኮኔ ሙዚቃ ይገባል። ወጣቱ ፍራንክ ከሩቅ፣ መጀመሪያ ብዥ ብሎ፣ እየቀረበ ይመጣል። በረሃ ላይ ቅስት አለ፤ ከቅስቱ ገመድ ወርዶ የአንድ ሰው አንገት ላይ ታስሯል። ሰውየው የቆመው በታናሽ ወንድሙ ትከሻ ላይ ነው። ልጁ ከወደቀ ወንድሙ ይሰቀላል። ፍራንክ ልጁ አፍ ውስጥ ሃርሞኒካ ይወትፋል። ልጁ በላብና በአቧራ እየተንገዳገደ ቆይቶ ይወድቃል። ወደ አሁኑ ስንመለስ ጥይቱ ተተኩሷል። ፍራንክ እየሞተ እንደገና ማን ነህ ይላል። ሰውየው ያችኑ ሃርሞኒካ አፉ ላይ ያስቀምጥለታል። ፍራንክ አሁን ያስታውሳል፤ ራሱን ነቅንቆ ይወድቃል። በፊልም ውስጥ እንዲህ በትዕግሥት የተከፈለ ቂም አላየሁም።

ሴት ስትበቀል የሚያሳዩም አሉ። “ትሩ ግሪት” ላይ የአባቷን ገዳይ የምታሳድደው የ14 ዓመት ልጅ ናት። የ1969ኙ ለጆን ዌይን ብቸኛውን ኦስካር አስገኘለት፤ የኮኤን ወንድማማቾች ደግሞ በ2010 እንደገና ሠሩት።

አሁን ወደ ካሳው። የኢስትዉድ “አንፎርጊቨን” በ1992 ወጥቶ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት ኦስካር ወስዷል። አንድ ካውቦይ ሴተኛ አዳሪ ፊቷን በቢላ ይቆራርጣታል። ሸሪፉ ፈረስ ክፈሉ ብሎ ይፈርዳል። ክፍያው ለማን? ለቤቱ ባለቤት! ለእሷ ምንም የለም። ሴቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ለገዳይ 1000 ዶላር ያቀርባሉ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የልጅቱ ቁስል ይጨምራል፤ ዓይኗም ወጣ፣ ጣቷም ተቆረጠ ይባላል። ገዳዮቹ የሚመጡት ይህን ሰምተው ነው።

በመጨረሻ “ዘ ሬቨናንት”፣ 2015። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የሚጫወተው ሂዩ ግላስ በእውን የነበረ ሰው ነው። በ1823 ድብ ዘነጣጠለው። ጠብቁት የተባሉ ሁለት ሰዎች ጠመንጃውን ወስደው ጥለውት ሄዱ። እየተሳበ ተረፈ። ፊልሙ ላይ ልጁም ይገደልበታል፤ ያ የተጨመረ ነው። የታሪኩ ግላስ ሁለቱንም ተከታትሎ አገኛቸው። አንዱን ልጅ ነው ብሎ ማረው። ሌላኛው ወታደር ሆኖ ተቀጥሮ ጠበቀው፤ ወታደር መግደል ደግሞ መዘዝ አለው። ግላስ ጠመንጃውን ተቀብሎ ሄደ።