ሦስት ማዕዘኑ የማን ነው? ስለ «ዘ ሎጀር» ምልክቶች የሚነገሩ ስሕተቶች

አልፍሬድ ሂችኮክ ያዘጋጀው ድምፅ አልባው ልብ አንጠልጣይ ፊልም «ዘ ሎጀር» (ተከራዩ) በ1927 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። በለንደን ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ጸጉራቸው ወርቃማ የሆነ ሴቶች ይገደላሉ። ገዳዩ «በቀለኛው» የሚል ሦስት ማዕዘን ወረቀት ትቶ ይሄዳል። ጥርጣሬው የሚያርፈው በአንድ ቤተሰብ ቤት ክፍል በተከራየ እንግዳ ሰው ላይ ነው። ፊልሙን ያላያችሁ ተጠንቀቁ፣ መጨረሻው እዚህ ይነገራል።

«ሦስት ማዕዘን ያለበት ሰው ገዳይ ነው»
ወረቀቱ ላይ ሲሆን አዎ፣ የገዳዩ ፊርማ ነው። ተከራዩ የደበቀው ካርታ ላይ ግን ግድያዎቹ የተፈጸሙባቸውን ቦታዎች የሚያመለክተው ያው ቅርጽ ነው። ተከራዩ እህቱን የገደለበትን ሰው እያደነ ነው። ሠዓሊው ማክናይት ካውፈር በነደፋቸው፣ በምስሎቹ መሐል እየገቡ ለተመልካች በሚነበቡት የጽሑፍ ካርዶች ላይም ሦስት ማዕዘን አለ፤ እነሱን ደግሞ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱም አያያቸውም። ስለዚህ ቅርጹ በመጣ ቁጥር ፊልሙን አቁሙና በታሪኩ ውስጥ ማን እያየው እንደሆነ ጠይቁ። ከእኛ በቀር የሚያየው ከሌለ፣ ጥርጣሬው የተዘራው በእኛ ላይ ነው።

«አስፈሪ የሚመስለው ሰው ክፉ ነው»
ተከራዩ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ፣ 13 ቁጥር ያለበትን በር ያንኳኳል፤ ያን ጊዜ የቤቱ መብራት ይደበዝዛል። ግን ሳንቲም እየተከተተበት የሚሠራው የመብራቱ ጋዝ ቆጣሪ ሳንቲም ስላለቀበት ነው! ክፉ የሚመስለው ምልክት ሁሉ ተራ ምክንያት አለው። ሰውዬውም ንጹሕ ነው።

«ጸጉሩ ወርቃማ መሆኑ በራሱ ይታያል»
አይታይም። በዘመኑ በስፋት ይሠራበት የነበረው ጥሬ ፊልም ቀይን ጨርሶ አይቀበልም፣ ቢጫንም ያጠቁራል። ከፊት ብቻ ቢበራበት ወርቃማው ጸጉር ቡናማ ሊመስል ይችላል። መፍትሔው የኋላ መብራት ነው። ፊልሙ የሚከፈትበትን የአንዲት ልጅ ጩኸት ሲቀርጹ የልጅቷን ራስ መስታወት ላይ አስተኙ፣ ጸጉሯን ምስሉን እስኪሞላ ዘረጉት፣ ከመስታወቱ ጀርባ መብራት ለቀቁበት። ጸጉሩ ራሱ የሚያበራ መሰለ።

«በመስታወት የተሠራው ጣሪያ ጌጥ ነው»
የእርምጃ ድምፅ ምትክ ነው። ወፍራም የመስታወት ወለል ተሠራ፣ ካሜራው ከሥር ተደረገ፣ ተዋናዩ አይቨር ኖቬሎ ከላይ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ የተንጠለጠለው መብራት ይወዛወዛል፣ ከታች ያሉት ቀና ይላሉ፣ ከዚያ እግሩ ይታየናል። እግሩ ቢቀድም ኖሮ የታች ቤተሰቦች ፍርሃት አይገባንም ነበር።

«መስቀሉ የተመልካች ፈጠራ ነው»
ተከራዩ በካቴና ታስሮ አጥር ላይ ሲንጠለጠል ስቅለትን ያስታውሳል፤ ይህንንም ሂችኮክ ራሱ አስቦበት እንደነበር ተናግሯል። ያን ካቴና ግን ቀደም ብለን አይተነዋል፦ መርማሪው ጆ ለቀልድ ብሎ የሚወዳት ዴይዚ እጅ ላይ አጥልቆት ነበር፤ እሷም ጮኻለች።