ኮልቡክ ምንድን ነው? የድሮ መዝገብ ለአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ማስረጃ ሲሆን

አማተር ሬዲዮ ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎት የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ፈተና አልፎ ፈቃድ ያወጣ ሰው የራሱ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል። የአሜሪካኖቹ በኤ፣ በኬ፣ በኤን ወይም በደብልዩ ይጀምራል፤ የኛ አገሩ በኢቲ።

ኮልቡክ የእነዚህ ምልክቶች ማውጫ ነው። በአንድ መስመር ላይ ምልክቱ፣ የባለቤቱ ስምና አድራሻው ይሰፍራል። አማተሮች ባወሩ ቁጥር ማረጋገጫ ፖስታ ካርድ ስለሚላላኩ አድራሻ የሚያወጡት ከዚያ ነበር። ዛሬ ኢንተርኔት ሥራውን ወስዶበታል። በአሜሪካ ግን የጥንቱ ኮልቡክ አሁንም አንድ ጉዳይ ያስፈጽማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ፈቃድ ለ10 ዓመት ይሠራል። ካበቃ በኋላ 2 ዓመት የእፎይታ ጊዜ አለ፤ እሱም ካለፈ ፈቃዱ ሞተ ማለት ነው። እስከ 2014 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድረስ ኤክስትራ የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ የነበረ ሰው እንኳ እንደ ጀማሪ ሁሉንም ፈተና ይቀመጥ ነበር። በዚያ ዓመት ተቆጣጣሪው ኤፍሲሲ ደንቡን አላላ። አሁን ከላይኞቹ ሦስት ደረጃዎች በአንዱ (ጀነራል፣ አድቫንስድ ወይም ኤክስትራ) እንደነበረ ያስመሰከረ ሰው የመጀመሪያውን ፈተና ብቻ ይወስዳል። ከ35 ጥያቄ 26 ከመለሰ በቂ ነው። የኤክስትራው ሰው ኤክስትራነቱ ይመለስለታል፤ የቀሩት ሁለቱ ጀነራል ይሆናሉ። ኖቪስ በሚባለው የጀማሪዎች ደረጃ ለነበረ ግን ምንም የለም።

በምን ያስመሰክራል? ዋናው ወረቀት በእጁ ካለ ጣጣ የለውም። ግን የ40 ዓመት ወረቀት ማን ያስቀምጣል! ያኔ የፈቃዱን ደረጃ በፊደል የሚያሳይ የኮልቡክ ገጽ ኮፒ ይዞ ፈታኞቹ ጋ ይሄዳል።

ቀኑ ወሳኝ የሚሆነው ቴክኒሺያኖች፣ ማለትም ከጀነራል በታች ያለው ደረጃ ባለፈቃዶች ላይ ነው። ከማርች 21 ቀን 1987 በፊት ቴክኒሺያንና ጀነራል የሚፈተኑት የጽሑፍ ፈተና አንድ ነበር፤ የሚለያቸው የሞርስ (በአጭርና ረጅም ድምፅ ፊደል የመላኪያ ዘዴ) ፍጥነት ነው። የሞርስ ፈተና በ2007 ከነጭራሹ ቀረ። ስለዚህ ከማርች 21 ቀን 1987 በፊት ቴክኒሺያን የሆነና ፈቃዱን እያደሰ የቆየ ሰው ያለ ምንም ፈተና ጀነራል ይሆናል። በ1986ቱ ኮልቡክ ቴክኒሺያን ተብሎ ከሰፈረ ነገሩ አለቀ። የ1988ቱ ግን ዋጋ የለውም፤ ፈቃዱ መቼ እንደተሰጠ አይለይም።

የቆዩ እትሞች ስካን ተደርገው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይገኛሉ። አንድ ችግር አለ፦ መጽሐፉ የተደረደረው በስም ሳይሆን በጥሪ ምልክት ነው። መጀመሪያ በምልክቱ ውስጥ ባለው ቁጥር፣ ቀጥሎ ከቁጥሩ በኋላ ባሉት ፊደላት። ምልክቱን የረሳ ሰው ገጽ ሲያገላብጥ ይውላል። ሲያገኘውም ስሙን በደንብ ያመሳክር፤ የተለቀቀ ምልክት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ኮፒ ሲያደርግ ደግሞ የእትሙ ዓመት ያለበትን ሽፋን አይርሳ።

የድሮው ምልክት ግን አብሮ አይመጣም። የሚፈልገው ሰው ሌላ ካልያዘው ለብቻው ያመለክታል።