የጨው ክሎሪን ማመንጫ ምንድን ነው? «ጨው አነሰ» ሲልስ ይታመናል?

የጨው ክሎሪን ማመንጫ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከሟሟው ጨው በኤሌክትሪክ ክሎሪን የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መቆጣጠሪያ ሳጥንና ከማጣሪያው ቀጥሎ ቧንቧው ላይ የሚገጠም ሴል አለው። ሴሉ ውስጥ በሩቴኒየም ወይም በኢሪዲየም ኦክሳይድ የተለበጡ ስስ የታይታኒየም ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ጨዋማው ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ በአንደኛው ሰሌዳ ላይ ክሎሪን፣ በሌላው ላይ ሃይድሮጅን ይፈጠራል። «የጨው ገንዳ ክሎሪን የለውም» የሚባለው እንግዲህ ወሬ ነው።

ክሎሪኑ ሥራውን ሲጨርስ ተመልሶ ክሎራይድ ስለሚሆን ጨው በአገልግሎት አያልቅም። የሚቀንሰው ውሃ ሲያፈስ፣ ሲረጭ ወይም ማጣሪያ ሲታጠብ ነው፤ ትነት ጨው አይወስድም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች በሊትር 3.2 ግራም አካባቢ ይፈልጋሉ። 50 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ገንዳ ይህ ከዜሮ ሲጀመር 160 ኪሎ ነው፤ ልኬቱ 2.6 ከሆነ ደግሞ የጎደለው 30 ኪሎ ብቻ ነው። ጨው ከተጨመረ በኋላ ማመንጫውን አጥፍቶ ፓምፑን 24 ሰዓት ማዞር ያስፈልጋል። አዮዲን የተጨመረበት የምግብ ጨው ለዚህ አይመረጥም፤ ንጽሕናው ከ99 በመቶ በላይ የሆነና እንዳይጓጉል የሚያደርግ ቅመም የሌለበት ይፈለግ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። «ጨው አነሰ» የሚለው መብራት ሲበራ ከረጢት ተሸክሞ መሮጥ አያስፈልግም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጨውን በቀጥታ አይለኩም፤ በሰሌዳዎቹ መካከል ስንት አምፔር እንዳለፈ አይተው ይገምታሉ። ጅረቱን የሚቀንስ ነገር ሁሉ ለእነሱ የጨው እጥረት ይመስላቸዋል። ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ 2 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ብዙዎቹ ማምረት ይቀንሳሉ ወይም ያቆማሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በመለኪያ ወረቀት ወይም በጨው መለኪያ ማረጋገጥ ይገባል። ያለ ልክ የገባ ጨው መውጫው አንድ ነው፦ ገንዳውን በከፊል አፍስሶ በንጹህ ውሃ መተካት።

ልኬቱ 3.2 ሆኖ መሣሪያው 2.4 ካለ ሴሉ ይፈተሽ። ሃይድሮጅን በሚወጣበት ሰሌዳ ዙሪያ ፒኤች (የውሃው አሲድነት ልኬት፤ አሲድነቱ ሲቀንስ ቁጥሩ ይወጣል) ከፍ ስለሚል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ የካልሲየም ቅርፊት ይይዛል። ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማብሪያ አጥፍቶ፣ ፓምፑን አቁሞና ቫልቮቹን ዘግቶ ሴሉን መፍታት። ቅርፊቱ በጎማ ውሃ ካልለቀቀ፣ በ4 እጅ ውሃ ላይ 1 እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመር። አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም፤ ጓንትና መነጽርም ግዴታ ነው፤ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን። ሴሉን በአንድ በኩል ደፍኖ መሙላት፣ አረፋው ሲያቆም ወይም ቢበዛ በ15 ደቂቃ ውስጥ ደፍቶ ማጠብ። በቢላ ወይም በሽቦ መፋቅ ልባጡን ያነሳዋል። አሲዱም ልባጡን ስለሚበላ፣ ንጹህ ሴል «ለማንኛውም» ተብሎ አይታጠብ። ቅርፊቱ ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ ፒኤች እየወጣ ነው፤ ከ7.2 እስከ 7.6 ይያዝ። ሁሉም ተስተካክሎ፣ ውሃውም ሞቆ ንባቡ ካልተነሳ ልባጡ አልቋል፤ አንድ ሴል በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ዓመት ነው የሚያገለግለው።

አንዳንዴ ደግሞ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ውሃው ውስጥ ክሎሪን አይገኝም። ያኔ ተጠያቂዋ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ናት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ ጨረሩ ብርቱ ነው፤ በሊትር ከ60 እስከ 80 ሚሊግራም ሲያኑሪክ አሲድ (ክሎሪንን ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቅ ኬሚካል) ከሌለ የቀኑ ምርት በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። የፓምፑ ሰዓትም ይታይ፤ ፓምፑ ሲቆም ምርትም ይቆማል። አልጌ የያዘ ገንዳ በማመንጫው ብቻ አይድንም፤ ፈሳሽ ክሎሪን ይፈልጋል።

«ፍሰት የለም» ካለ የቅጠል ማጥመጃው ቅርጫት፣ የቆሸሸ ማጣሪያ፣ በፓምፑ ክዳን በኩል የሚገባ አየር ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፍሰት መቆጣጠሪያው ማብሪያ የሚኬደው። እሱ ከተበላሸ ይቀየራል እንጂ ሽቦው ተጠማዝዞ አይታለፍም፤ ውሃ በቆመበት ሴል ውስጥ የሚጠራቀም ሃይድሮጅን ይፈነዳል።