ባሕር ዳር ስታዲየም

ባሕር ዳር ስታዲየም በአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ የሚገኝ፣ የተፈጥሮ ሣርና ዙሪያውን የአትሌቲክስ መሮጫ ያለው ሜዳ ነው። የባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ፣ ማለትም የጣና ሞገዶቹ ቤት ሲሆን ብሔራዊ ቡድኑ ዋልያዎቹም ትልልቅ ድሎችን ያስመዘገቡበት ነው። ግንባታው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ፤ የሠራውም ሚድሮክ ነው። የሚይዘው ሰው ብዛት አብዛኛውን ጊዜ 60,000 ተብሎ ይጻፋል፤ 52,000 የሚሉም አሉ። ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተጠጋግቶ የሚቀመጥ ሕዝብ ነጠላ ወንበር ሲገጠም ቁጥሩ መቀነሱ ስለማይቀር የትኛውንም አኃዝ በጥንቃቄ ማየት ይበጃል።

ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሜዳው ለብሔራዊ ቡድኑ ተከፈተ። በሳምንቱ ኬንያ በቻን (በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና) ማጣሪያ 2 ለ 0 ተሸኘች። በ2008 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ (ሴካፋ) ዋንጫ የተወሰኑ ጨዋታዎችም እዚሁ ተደረጉ።

ከሁሉ የሚወሳው ግን ኅዳር 9 ቀን 2012 ነው። በአሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ የሚመራው ቡድን ኮትዲቯርን ከኋላ ተነሥቶ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ጎሎቹን ያስቆጠሩት ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ናቸው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ደግሞ በውበቱ አባተ ሥር ማዳጋስካር 4 ለ 0 ተረታች። ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በእነዚህ ነጥቦች ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አስቻለው ታመነ በባከነ ሰዓት የፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ ዚምባብዌ 1 ለ 0 ተሸነፈች።

ስለ ሜዳው ጠባይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ትሆናለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ እንግዳን የሚያደክመው የአየሩ መሳሳት ብቻ ነው የሚለው ወሬ ለሸገር ይበልጥ ይስማማል፤ እዚህ ሙቀቱም ድርሻ አለው። ጨዋታ በ10 ሰዓት ከተጀመረ 45 ደቂቃ፣ የ15 ደቂቃ እረፍት፣ ሌላ 45 ደቂቃና የባከነው ሲደመር ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀውም ያን ጊዜ ነው። በቂ መብራት ከሌለ ተጨማሪ 30 ደቂቃ ማጫወት አይቻልም።

መሮጫው ተመልካቹን ከሜዳው ያርቃል። አስተያየት ሰጪው ማዶ ያለውን የመስመር ተከላካይ የመለያ ቁጥር ለማንበብ ይቸገራል፤ በአረማመዱና በጫማው ቀለም ለይቶ መያዝ ይኖርበታል። አሰልጣኙም ተቃራኒው መስመር ላይ ላለ ተጫዋች በጩኸት መልእክት ማድረስ አይሆንለትም፤ በመሐል ተከላካዩ በኩል ያስተላልፋል።

ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲዘዋወር ባሕር ዳርም ተራዋን ወሰደች። ሊጉ 16 ክለቦች በነበሩት ጊዜ አንድ ዙር ስምንት ጨዋታ ነበር፤ በቀን ሁለት ሁለት ሲሆን ሣሩ አያርፍም። በቅድሚያ የሚገለጠው የጎሉ አፍና የቅጣት ክልሉ ነው። እዚያ ኳስ ትነጥራለች፤ ለተከላካዩ ወደ ኋላ ማቀበል ራሱ አደጋ ይሆናል።

መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸንፋ ከሄደች በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳውን አገደ። ካፍ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚጠይቀው ሣር ብቻ አይደለም፤ ነጠላ ወንበር፣ መብራት፣ መልበሻ ክፍሎች፣ የዶፒንግ ምርመራ ክፍልና የጋዜጠኞች ሥፍራ ሁሉ ይታያሉ። ውሳኔው ትንሽ ጠንክሯል ባዮች ቢኖሩም ጉድለቱ መኖሩን የሚክድ ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ቀጣዩን የጋና ጨዋታ ጆሃንስበርግ ላይ «በሜዳዋ» ተጫውታ 1 ለ 1 ወጣች።

የባሕር ዳር ከተማ ክለብ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የገባው በ2011 ነው። በ2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ለካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በቃ። በደግአረገ ይግዛው አሰልጣኝነት የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥሎ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሰናበተ። የአዛምን ጨዋታ የጣና ሞገዶቹ ያስተናገዱት አዲስ አበባ ላይ ነው።