ዶላሩን በምንዛሪ ማባዛት ብቻውን አያዋጣም፦ የኮምቦልቻ ማሾ ነጋዴ የሚሳሳትባቸው ስሌቶች

«ውጭ ቶኑ 1,000 ዶላር ነው፤ በምንዛሪ አባዝቼ ትርፌን አያለሁ።»

መጀመሪያ 1,000 ዶላሩ የት ላይ የሚከፈል ዋጋ ነው? ኤፍኦቢ ጅቡቲ ከሆነ ዕቃው መርከብ ላይ እስኪወጣ ያለው ወጪ የሻጩ ነው። ሲአይኤፍ ሙምባይ ከሆነ እስከ ሙምባይ ያለው የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስም የሻጩ ነው። ደላላ ዋጋ ሲነግር ይህን ብዙ ጊዜ አይለይም።

ኤፍኦቢ ነው እንበል፤ ዶላሩንም ለምሳሌ በ150 ብር እንያዘው። ቶኑ 150,000፣ ኩንታሉ 15,000 ብር ይሆናል። ለብጠራ፣ ለጆንያ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ለሚወርደው መኪና፣ ለወደብ፣ ለባንክ ኮሚሽንና ለወለድ በጥቅሉ 1,200 ብር ቢነሳ 13,800 ይቀራል። ብዙው ሰው እዚህ ያቆማል። ከገበሬ የሚገባው ማሾ ግን አፈርና ጭድ፣ ስንጥቅም አለው። በብጠራ 5 በመቶ ግርድ ከወጣ ከ100 ኪሎ የሚላከው 95 ነው፤ 13,800 በ0.95 ሲባዛ 13,110 ብር። የመግዣ ጣሪያው ይኸው ነው። በ13,500 የገዛ በኩንታል 390 ብር፣ በ200 ኩንታል 78,000 ብር ይከስራል። ግርዱ ቢሸጥ ጥቂት ይመልስ ይሆናል እንጂ ጉድጓዱን አይሞላም።

«በቺካጎና በኒውዮርክ የምርት ገበያዎች ዋጋ ሲጨምር የኛም ይጨምራል።»

ለቡናና ለስንዴ እውነትነት አለው፣ እሱም በከፊል። ማሾና ሰሊጥ እዚያ አይገበያዩም፤ ዋጋቸው የሚታወቀው ገዢዎች ከሚያቀርቡት ዋጋ ስለሆነ ቢያንስ ሦስት ገዢ ይጠየቅ። የቺካጎ ስንዴ ደግሞ የሚነገረው በቡሼል ነው፣ 27.2 ኪሎ። 6 ዶላር ሲባል ቶኑ 220 ዶላር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ የሚደርስበት ዋጋ ግን አይደለም። ጤፍ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ዝናቡና የአዲስ አበባ ፍላጎት ነው የሚወስነው።

«በብር ከጨመረ ዋጋው ጨምሯል።»

ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ይህ አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ዶላር 57 ብር ሳለ 10,000 የነበረ ኩንታል 175 ዶላር ግድም ነበር። ዶላሩ 125 ሲገባ ኩንታሉ 15,000 ቢደርስ 120 ዶላር ነው፦ በብር 50 በመቶ ወጣ፣ በዶላር ከ31 በመቶ በላይ ወረደ። የሁለት ገበያን መዋዠቅ ለማወዳደር ሁለቱንም ወደ አንድ ገንዘብ ቀይሮ ለውጡን በመቶኛ ማየት ያስፈልጋል።

«ውል ከፈረምኩ ስጋቱ አለቀ።»

የተቆለፈው የመሸጫው ዋጋ ብቻ ነው። ዕቃው በእጅ ከሌለ የመግዣው ክፍት ነው፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የእጅ በእጅ ግብይት እንጂ የወደፊት ዋጋ መቆለፊያ ውል የለውም። ኤልሲ (ሰነድ ሲሟላ ባንክ ለመክፈል የሚገባው ዋስትና) ቢከፈትም የሰነድ አንድ ፊደል ስህተት ክፍያ ያዘገያል፤ ወለዱ ግን አይቆምም።

«አገር ውስጥ መሸጥ ስጋት የለውም።»

ዱቤና መንገድ መዘጋት አለ። ከሁሉም የሚናቀው ነቀዝ ነው። ነቀዙ እንቁላሉን ገና ማሳ ላይ ሳለ በማሾው ቆባ ላይ ስለሚጥል ከማሾው ጋር አብሮ መጋዘን ይገባል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ከደሴው ብርድ ይልቅ ቶሎ ይራባል። ሲገዙ ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሃሉም ናሙና ይውሰዱ፤ ፍሬው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ነቀዙ ውስጡን በልቶ ወጥቷል።